የወጥ ቤቱ መዝገብ

በሚያዝያ ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣
ከቬኔቶ ሜዳ፣ ከበቆሎው ማሳ፣
ወንድሟ በጀልባ ኦርሶላን አመጣት፣
እጇን አስሮ በገመድ፣ ባሕሩ እንዳይውጣት።
“ውሃ ይጠራታል፣” አለው ለዘበኛው፣
“ቦይ ይሁን ጉድጓድ፣ ዘላ ነው የምትገባው።”

እኔ ቦርቶሎ ነኝ፣ የዚህ ደሴት ወጥ ቤት፤
ሦስት መቶ እብድ አለኝ፣ ሦስት መቶ ወጭት።
ሐኪሙ ቡሶሊን ጭንቅላት ይለካል፣
“ከዘር የመጣ ነው” ብሎ ይመዘግባል።
እኔ የሚታየኝ ከአንገት በታች ነው፦
እጇ እስከ አንጓዋ ተልጦ የቀላው፣
ፀሐይ በግድ ያለበሳት ጓንት የመሰለው።
“ስምሽ ማን ነው?” ብላት፣ “ገንፎ” አለች፤ ደገመች።
ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች።

ወንድሟን ጠየቅሁት፦ ምን ትበላላችሁ?
“ጧት ፖሌንታ። ቀትር ላይ ፖሌንታ።
ማታ የተረፈውን በክር ቆርጠን፣ በፍም ጠብሰን።”
ሌላስ?
“ከጣሪያው ላይ አንድ የደረቀ ዓሣ ተንጠልጥሏል፤
ገንፏችንን እናሽበታለን፣ ሽታው እንዲነካው።
ዓሣውን የሚበላ የለም። ከገና ጀምሮ አለ።”
ስንዴውስ? “የባለርስቱ።”
ጥጃውስ? “የባለርስቱ።”
የናንተስ?
አሰበ። “ዕዳው፣” አለ።

ጥበብ አላውቅም እኔ። ወተት አፈላሁኝ፣
እንቁላል መታሁበት፣ አጥንት ቀቀልሁኝ።
በመጀመሪያው ቀን ተፋችው በሙሉ፤
በማግሥቱ ደግሞ ግድግዳው ላይ ዋለ።
በዐሥረኛው ቀን ላይ ማንኪያውን ጨበጠች።
በሃያኛው ግድም ማልቀስ ጀመረች፤
መነኩሲቷ ደንግጣ መድኃኒት ፈለገች፣
እኔን ግን ደስ አለኝ።
ሆዷ ባባ ማለት፣ ሰው መጣ ማለት ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ምስር እየለቀመች፣
ጠጠር በጣቷ እንደያዘች፣
“ሊቪያ” አለች ድንገት።
ልጇ ናት። የአራት ዓመት።
ስሙን ከየት አገኘችው? ከምስሩ መሃል? ከመረቁ?
ቡሶሊን ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ራስ ቅሏ፤
እኔ ወደ ድስቴ።
ሰው ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል፣
ሲታገሥ ሆዱ ይሰፋል፣ ሲራራ አንጀቱ ይላወሳል፤
ማን ነው ታዲያ አእምሮን ከሆድ አፋትቶ
ፎቅና ምድር ቤት ለየብቻ ያከራየ?

በነሐሴ “ድናለች” ተባለ፣ ተፈረመ።
አይብ ሰረቅሁላት፣ ግማሽ ክብ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፤
“ለራስሽ ብዪው፣ አደራ” አልኋት።
“እሺ” አለች።
የእናት እሺታ ለማን እንደሆነ መች ጠፋኝ።

በሚያዝያ ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣
ያው ጀልባ፣ ያው ገመድ፣ ያው የእጅ ጠባሳ።
“አይቡስ?” አልሁት።
“ሸጥነው። ዘር ገዛንበት።”
የምን ዘር?
አቀርቅሮ እግሩን አየ።
“የበቆሎ።”

እንደገና ወተት። እንደገና አጥንት።
እንደገና “ሊቪያ”፣ ምስር ላይ አጎንብሳ።
እንደገና “ድናለች”።

በሦስተኛው ዓመት ጀልባዋን ሳይ ግን
ቀዛፊዋ ኦርሶላ፣ የታሰረው ወንድሟ።
ቡሶሊን ፈነደቀ፦ “ወንድምና እኅት!
ከዘር እንደሆነ ማስረጃው ይኸውና!”
ልክ ነህ ዶክተር፣ ከዘር ነው፣ አልሁ በሆዴ፤
ጆንያ ውስጥ ካለው።

እሷ ወደ ጓዳው በር መጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ።
“መጀመሪያ ቀን ይተፋዋል፤ አትቆጣው።
ሃያኛው ቀን ላይ ያለቅሳል። ያኔ ላክብኝ፣
መጥቼ አብሬው እቀመጣለሁ።”
ትኩስ መረቅ ቀዳሁላት።
ለመቀበል እጇን ከሽርጧ ሥር ስታወጣ
ጓንቱ ተጀምሯል፣ ከመዳፏ ጀርባ።

መዝገቤን ገልጬ ጻፍሁ፦
ወጭት፣ ሁለት።